የዲናሞ ሽቦ፦ አመራረጡ፣ ወጪውና አጠቃለሉ

ዲናሞ ሲቃጠል ባለቤቱ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ኪሎ መዳብ ይበላል?» ብሎ ነው። አይፈረድበትም፤ ሽቦ የሚሸጠው በኪሎ ነው። ግን መዳብማ መዳብ ነው። አንዱን ዲናሞ ለዓመታት አስኬዶ ሌላውን በመጀመሪያው ክረምት የሚያስጨሰው መዳቡ ላይ የተቀባው፣ ከፀጉር የቀጠነ ልባስ ነው። ስለ ልባሱ ግን የሚጠይቅ የለም።

ይህን የምጽፈው ደሴና ኮምቦልቻ አካባቢ የወፍጮ ዲናሞ፣ የመስኖ ፓምፕ፣ ብየዳ ማሽን ወይም ስታቢላይዘር ለሚጠቀልልና ለሚያስጠቅልል ሰው ነው። ራሳችሁ ባትጠቀልሉም አንብቡት። ቢያንስ ምን ብላችሁ እንደምትጠይቁ ታውቃላችሁ።

ከመፍታታችሁ በፊት ለምን እንደተቃጠለ እወቁ

ይህን ዘለው በቀጥታ መሮ የሚያነሱ ብዙ ናቸው። ከዚያ አዲሱም ጥቅል በዚያው ምክንያት ይነዳል፣ ሽቦውም ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል።

መብራት አጥፉ፣ ገመዱን ንቀሉ፣ ካፓሲተር ካለው ቻርጁን አውጡለት። ክዳኑን ከፍታችሁ የጥቅሉን ጭንቅላት በደንብ እዩት። ዙሪያውን እኩል ከጠቆረ ዲናሞው ከአቅሙ በላይ ሠርቷል፣ ወይም ቮልቴጁ ወርዶበት ብዙ አምፔር ሲስብ ቆይቷል፣ ወይም ፋኑ አልነፈሰለትም። ወፍጮ ቤት ውስጥ ሦስተኛው የተለመደ ነው። ዱቄቱ የማቀዝቀዣውን ቀዳዳ ይደፍነዋል።

ባለ ሦስት ፌዝ ከሆነና ከፊሉ ጠቁሮ ከፊሉ አዲስ ከመሰለ አንድ ፌዝ ጠፍቶበት ሠርቷል ማለት ነው። ስታር የታሰረ (የሦስቱ ፌዝ ጥቅል አንድ አንድ ጫፍ በአንድ ቦታ የተገናኘ) ዲናሞ ላይ ሁለቱ ፌዞች ተቃጥለው አንዱ ይተርፋል። ዴልታ የታሰረው (ጥቅሎቹ ጫፍ ለጫፍ ተያይዘው ሦስት ማዕዘን የሠሩት) ላይ ደግሞ አንዱ ብቻ ይቃጠላል፣ ሁለቱ ይተርፋሉ። ይህን ካያችሁ ጥፋቱን ፊውዙ ላይ፣ ኮንታክተሩ (ማብሪያ ማጥፊያው) ላይ ወይም የላላ ብሎን ላይ ፈልጉ። አንድ ቦታ ብቻ ነጥብ ያህል ቀልጦ ሌላው ሰላም ከሆነ ግን እዚያ ጋ ልባሱ ተቧጥጧል ወይም የስሎት (ሽቦው የሚገባበት የብረቱ ቦይ) ወረቀቱ ተቀዷል። ኩሽኔታውንም አሽከርክሩት። ሮተሩ (የሚሽከረከረው ክፍል) ስታተሩን (ጥቅሉን የያዘውን የቆመ ብረት) እየነካ ከሆነ ምንም ዓይነት ሽቦ አያድናችሁም።

ስትፈቱ ጻፉ

የስም ሰሌዳውን ፎቶ አንሱ፦ ኪሎዋት፣ ቮልት፣ አምፔር፣ የዙር ፍጥነት፣ የኢንሱሌሽን ክላስ። ከዚያ ደብተር አውጡ። ስንት ስሎት አለ? ስንት ኮይል (አንድ ላይ የተጠቀለለ የሽቦ ጥቅል)? ኮይሉ ከስንተኛው ስሎት ገብቶ በስንተኛው ይወጣል? ጫፎቹ የትና የት ተያይዘዋል? አንዱን ኮይል ሳትቆርጡ አውጥታችሁ ዙሩን አንድ በአንድ ቁጠሩ። ሁለት ኮይል ብትቆጥሩ ደግሞ የተሻለ ነው፣ ምክንያቱም ከዚህ በፊት የጠቀለለው ሰው በአንዱ ላይ ተሳስቶ ሊሆን ይችላል። ባለ አንድ ፌዝ ከሆነ የማስነሻው ጥቅልና የዋናው ጥቅል ሽቦ ውፍረታቸው የተለያየ ነው፤ ለየብቻ መዝግቡ።

የተቃጠለውን ጥቅል ለማውጣት ስታተሩን እሳት ውስጥ ከትቶ ማንደድ በየቦታው የሚታይ ልማድ ነው። አልወደውም። ስታተሩ የተሠራው ከብዙ ቀጫጭን የብረት ቅጠሎች ሲሆን በየመሃላቸው መከላከያ አለ። ሙቀቱ ከ360 ዲግሪ ሲያልፍ ያ መከላከያ ይበላሻል፤ ብረቱ ራሱ ኤሌክትሪክ እየበላ መጋል ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ምርጥ ሽቦ ብትጠቀልሉበትም ዲናሞው ባዶውን እየሮጠ ይግላል። ይልቅ በአንድ በኩል ያለውን የጥቅል ጭንቅላት በመሮ ቁረጡ፣ በመጠኑ አሙቁት፣ ከሌላው በኩል በፒንሳ ሳቡት። ጊዜ ይወስዳል። የሚነድ ልባስ ጭስ መርዛማ ስለሆነ ከቤት ውጭ ሥሩ።

የወጣውን መዳብ መዝኑት። ሁለት ጥቅም አለው፦ ስንት ኪሎ አዲስ ሽቦ እንደምትገዙ ይጠቁማችኋል፣ ለቆራሌው ስትሸጡም አትታለሉም።

ውፍረቱን መለካት

እዚህ ጋ ነው ብዙ ጥቅለላ የሚበላሸው። ሽቦ የሚጠራው በመዳቡ ውፍረት ነው፤ ልባሱ አይቆጠርም። ልባሱ ላይ ከለካችሁ የሚወጣው ቁጥር ከእውነተኛው ይበልጣል።

ካልተቃጠለው በኩል አንድ ስንዝር ቁረጡ። በላይተር አሙቁትና ልባሱን በጨርቅ ጥረጉት። በብርጭቆ ወረቀት አትፈትጉት፣ መዳቡንም ይበላዋል። ከዚያ በማይክሮሜትር ሦስት አራት ቦታ ለኩ። ተራ ካሊፐር ለዚህ አይበቃም። ነገሩን ቀላል አታድርጉት፦ በ0.80 ሚሊ ፋንታ 0.75 ብትጠቀልሉ ልዩነቱ ለዓይን አይታይም፤ መዳቡ ግን በ12 በመቶ ቀንሷል።

ሽቦው ሲቆረጥ የሚታየውን ፊት ስፋት ለማግኘት ውፍረቱን በራሱ አባዙ፣ ከዚያ በ0.785 አባዙ። የ1.00 ሚሊ ሽቦ 0.785 ስኩዌር ሚሊ ይሆናል። ይህን ማወቅ ገበያ ላይ ይጠቅማል። የፈለጋችሁት ቁጥር ሲጠፋ ሁለት ቀጭን ሽቦ ጎን ለጎን መጠቅለል ይቻላል። አንድ የ1.00 ሚሊ ሽቦ በሁለት የ0.71 ሚሊ ሽቦ ይተካል፤ ስፋታቸው እኩል ነው ማለት ይቻላል። እንዲያውም ቀጭኑ ስሎት ውስጥ ለመግባት ይለዝባል። ወፍራም ሽቦ እጅ ይፈትናል።

ልባሱን መምረጥ

የልባሱን ጥንካሬ የሚነግራችሁ የሙቀት ክላሱ ነው። ክላስ ቢ 130 ዲግሪ፣ ክላስ ኤፍ 155፣ ክላስ ኤች 180 ዲግሪ ይችላል። ከዚያ በላይ 200 እና 220 የተጻፈባቸውም አሉ። የጥቅሉ ሙቀት ከሚችለው በላይ በ10 ዲግሪ ከጨመረ ዕድሜው በግማሽ ያጥራል የሚለው የቆየ ስሌት ለግምት ጥሩ ነው። በተገላቢጦሹም ይሠራል። ክላስ ኤፍ ለሚፈልግ ዲናሞ የ180 ሽቦ ብትጠቀልሉ የልዩነቱን ዋጋ በዕድሜው ታገኙታላችሁ።

ፖሊዩሬቴን የሚባለው ልባስ በጋለ ካውያና በሊድ ብቻ ይላቀቃል፣ መፋቅ አያስፈልገውም። ለትንንሽ ትራንስፎርመር፣ ለሪሌ፣ ለሬዲዮና ለቻርጀር ኮይል ተመራጭ ነው። ለወፍጮ ዲናሞ ግን አልመክረውም፤ ብዙው 130 ወይም 155 ነው፣ ጭነት ሲበዛበት ቶሎ ይለሰልሳል። ፖሊስተር 155 ይችላል፣ ለተራ ሥራ ይበቃል። ፖሊስተር ኢሚድ 180 ይደርሳል። ለዲናሞ እኔ የምመርጠው ከሥር ፖሊስተር ኢሚድ፣ ከላይ ፖሊአሚድ ኢሚድ የተቀባውን ባለ ሁለት ድርብ ልባስ ነው። 200 ዲግሪ ይችላል፣ ላይኛው ድርብ ጠንካራና አንሸራታች ስለሆነ ስሎት ውስጥ ሲገፋ አይቧጠጥም። ድክመቱ ጫፉን መፋቅ ማሰልቸቱ ነው። ዋጋውም ከፍ ይላል።

ሁለተኛው ነገር የልባሱ ውፍረት ነው። ግሬድ 1 ስስ፣ ግሬድ 2 ወፈር ያለ ነው። ባለ 1.00 ሚሊ ሽቦ ከነልባሱ በግሬድ 1 ቢበዛ 1.062፣ በግሬድ 2 ቢበዛ 1.094 ሚሊ ይሆናል። ትንሽ ትመስላለች፤ ግን ስሎት ውስጥ 6 በመቶ ተጨማሪ ቦታ ትይዛለች። ፋብሪካው ግሬድ 1 ሞልቶ ጠቅልሎት ከነበረ ግሬድ 2 በግድ ካልገፋችሁት አይገባም፣ በግድ የተገፋ ሽቦ ደግሞ ይቧጠጣል። ስሎቱ ቦታ ካለው ሁሌም ግሬድ 2 ግዙ።

ኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ውስጥ ያላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። የዲናሞውን ፍጥነት የሚቆጣጠረው ኢንቨርተር (ፍጥነት መቀያየሪያ መሣሪያ) ከሆነ ኢንቨርተሩ የሚልከው ቮልቴጅ ሾል ሾል ያለ ነው፤ በእያንዳንዱ ምት ልባሱን ይወጋዋል። ስስ ልባስ ሙቀቱን ቢችልም ይህን አይችልም። ለዚህ ለኢንቨርተር ተብሎ የተሠራ ሽቦ ጠይቁ። ከጠፋ ቢያንስ ግሬድ 2 ተጠቀሙ፣ በፌዞቹ መሃል ወረቀት አትርሱ።

ከፍታውም ነገር አለው። የዲናሞ ሰሌዳ ላይ ያለው ኪሎዋት እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ተብሎ የተሰላ ነው። ኮምቦልቻ ወደ 1,850፣ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ናቸው። አየሩ ስስ ስለሆነ ዲናሞን እንደ ቆላ አያቀዘቅዝም። ደሴ ላይ ብርዱ ይክሰዋል። የጦሳ ተራራ ነፋስ የማይገባበት፣ በር የተዘጋ፣ ዱቄት የሞላው ወፍጮ ቤት ውስጥ ግን ብርዱም አይደርስለትም። ሀረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻና ሀርቡ ስትደርሱ ደግሞ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ፀሐይ ላይ የሚውል የመስኖ ፓምፕም ከዚያው ይቆጠራል። ለእነዚህ 180 እና ከዚያ በላይ ግዙ። ቅንጦት አይደለም።

መዳብ፣ አሉሚኒየምና መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም

አሉሚኒየም ሽቦ ርካሽና ቀላል ነው፤ በኪሎ የዓለም ዋጋው ከመዳብ ሩብ ገደማ ነው። ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ግን የመዳብ 61 በመቶ ነው። የመዳብን ሥራ እንዲሠራ ውፍረቱ በ1.28 መባዛት አለበት፤ 0.80 ሚሊ መዳብ የ1.02 ሚሊ አሉሚኒየም ይፈልጋል። ይህ ለመዳብ የተሠራ ስሎት ውስጥ አይገባም። «ያው ቁጥር ነው» ተብሎ 0.80 አሉሚኒየም ቢጠቀለል ሽቦው የሚያመነጨው ሙቀት በ60 በመቶ ይጨምራል። የሚጠብቀውን ገምቱት።

አሉሚኒየም ግን መጥፎ ዕቃ አይደለም። ፋብሪካው ራሱ በአሉሚኒየም የሠራው ቬንቲሌተር፣ የልብስ ማጠቢያ ሞተር ወይም ሰፊ ቦታ ያለው ትራንስፎርመር ከሆነ በአሉሚኒየም መልሱት፣ ገንዘባችሁን አትጨርሱ። አስቸጋሪው ማያያዣው ነው። አየር ሲነካው ወዲያው ሽፋን ያወጣል፣ ሊድ አይዘውም፣ ከመዳብ ጋር እርጥበት ካገኘው ይበላል። በመጭመቂያ ማያያዣ ነው የሚታሰረው።

የሚያናድደው ሦስተኛው ነው። ውስጡ አሉሚኒየም ሆኖ ላዩ ስስ መዳብ የለበሰ ሽቦ አለ። በስሙ ቢሸጥ ችግር የለውም፤ በመዳብ ዋጋ ሲሸጥ ነው ጉዱ። በዓይን አይለይም። ሱቅ ላይ እንዲህ ፈትኑት፦

አንድ ጫፍ በሹል መቁረጫ ቁረጡና የተቆረጠውን ፊት ብርሃን ላይ እዩት። መሃሉ ነጭ ከሆነ አበቃ። ካልታያችሁ በምላጭ ፋቅ ፋቅ አድርጉት። ቀጭን ከሆነ ላይተር ያዙበት። የአሉሚኒየሙ ጫፍ ቅልስ ብሎ ይንጠለጠላል፣ ይቆረጣል። መዳብ ፍም መስሎ ይቀላል እንጂ በላይተር አይቀልጥም፤ እስኪቀልጥ 1,085 ዲግሪ ይፈልጋል፣ አሉሚኒየም 660 ይበቃዋል።

ከሁሉም የምተማመነው ሚዛን ላይ ነው። 10 ሜትር የ1.00 ሚሊ መዳብ 70 ግራም ይመዝናል። 30 ግራም አካባቢ ከመጣ መዳብ አይደለም። ለሌላ ቁጥር ስፋቱን በ8.96 አባዙ፣ የአንድ ሜትር ክብደት በግራም ይወጣላችኋል። የወርቅ ሚዛን ያለው ጎረቤት ካላችሁ ጥሩ፣ ከሌላችሁ ርዝመቱን ጨምራችሁ በትልቁ መዝኑ።

ልባሱንም እዚያው ፈትኑ። ሽቦውን በራሱ ላይ ጠበቅ አድርጋችሁ አምስት ስድስት ዙር ጠምጥሙት። ጥሩ ልባስ አይሰነጠቅም። በጥፍር ሲላጥ፣ ሲፈረፈር ወይም እጅ ላይ ቀለም ሲለቅ ካያችሁ ተመለሱ። ቀለሙ ራሱ ምንም አይነግራችሁም፤ ቀዩም ወርቃማውም ጥሩና መጥፎ አለው። ከማጠንጠኛው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ፦ ክላስ፣ ግሬድ፣ ውፍረትና የተጣራ ክብደት። ምንም ያልተጻፈበት ሽቦ ስጦታም ቢሆን ለዲናሞ አልጠቀመውም።

ወጪውን ማስላት

ለምሳሌ 18 ኮይል፣ በኮይል 30 ዙር፣ የአንዱ ዙር አማካይ ርዝመት 70 ሳንቲሜትር፣ ሁለት የ0.95 ሽቦ ጎን ለጎን ይሁን። 18 በ30 በ0.7 ሲባዛ 378 ሜትር፤ ሁለት ስለሆነ 756 ሜትር። የ0.95 ሽቦ አንድ ሜትሩ 6.35 ግራም ነው። 4.8 ኪሎ መጣ። ለልባሱ፣ ለጫፍና ለብክነት አሥር በመቶ ጨምሩ፤ 5.3 ኪሎ ግዙ። ስትገዙ የፕላስቲኩ ክብደት ተቀንሶ እንደሆነ ጠይቁ። በመዳብ ዋጋ ፕላስቲክ መግዛት ያበሳጫል።

ዋጋውን እዚህ ብጽፍላችሁ ሳታነቡት ያረጃል። ሽቦው የሚመጣው በዶላር ነው፤ በግንቦት 2016 መዳብ በዓለም ገበያ በቶን ከ10,000 ዶላር በላይ ወጣ፣ በሐምሌ ደግሞ ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ተደረገ። ስለዚህ ዋጋ ተስማምታችሁ ሥራ ከመቀበላችሁ በፊት በዚያው ቀን ሱቅ ደውሉ፣ አዲስ አበባም ደሴም። የትራንስፖርቱን ጨምሩ። አሮጌው መዳብ ለማን እንደሚሆን ከባለቤቱ ጋር መጀመሪያ ተነጋገሩ፤ ጭቅጭቅ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው።

በወጪው ውስጥ ሽቦ ብቻ አይደለም ያለው። የስሎት ወረቀት፣ ስሊቭ (ማያያዣው ላይ የሚለብስ ቱቦ)፣ ቫርኒሽ፣ ኩሽኔታና የእጅ ዋጋ አለ። በክላስ 155 እና በክላስ 200 ሽቦ መሃል ያለው ልዩነት ከዚህ ሁሉ ጋር ሲታይ ትንሽ ነው። ወፍጮው ቆሞ የሚጠፋውን ገቢ ደግሞ ባለቤቱ ያውቀዋል።

መጠቅለል

ስሎቶቹን አጽዱ፣ ስለት ያለውን ብረት በሞረድ አለስልሱ። ወረቀቱን ከስሎቱ በሁለቱም በኩል ትንሽ አስተርፋችሁ አስገቡ። ወረቀቱም ክላስ አለው። የ200 ሽቦ በካርቶን ላይ መጠቅለል ትርፉ ድካም ነው።

ከአሮጌው ኮይል ልክ ወስዳችሁ የእንጨት ፎርማ ሥሩ። በጣም ካጠረ አይገባም፣ በጣም ከረዘመ ክዳኑን ይነካል፣ መዳብም ይበላል። ሽቦውን ስትጠቀልሉ በጨርቅ ያዙት፣ እኩል ሳቡት። ከልክ በላይ ከሳባችሁት ይቀጥናል፣ ልባሱም ይሰነጠቃል። ዙሩን ጮክ ብላችሁ ቁጠሩ። ስልክ አታንሱ።

ስሎት ውስጥ ስታስገቡ በካቻቢቴ አትግፉ። በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ምላስ ነው የሚገፋው። ጥቂት ጥቂት ሽቦ እያደረጋችሁ፣ ሳይተላለፉ፣ ትይዩ ሆነው ይግቡ። በመጨረሻ ወረቀቱን አጥፋችሁ በሽብልቅ ዝጉት። የተለያዩ ፌዞች ጭንቅላት የሚነካኩበት ቦታ ሁሉ ወረቀት ይግባ።

ጫፎቹን ስታያይዙ ልባሱን ዙሪያውን ሙሉ ፋቁ፤ መዳቡ ላይ ጭረት አታስቀሩ፣ ኋላ ሲንቀጠቀጥ እዚያ ጋ ይበጠሳል። ጠምዝዙ፣ ሊድ አፍስሱበት፣ ስሊቭ አልብሱት። ዲናሞው በጣም የሚግል ከሆነ በሊድ ፋንታ በመጭመቂያ ወይም በብር ሊድ ማያያዝ ይሻላል፤ ተራ ሊድ በ183 ዲግሪ ይለሰልሳል።

ቫርኒሽ ከማፍሰሳችሁ በፊት በቴስተር እዩት። የሦስቱ ፌዝ ኦም ልዩነት ከሁለት ሦስት በመቶ መብለጥ የለበትም። ከብረቱ ጋር ምንም መነካካት የለም። አሁን ስህተት ብታገኙ ይፈታል፣ ከቫርኒሽ በኋላ ግን መሮ ነው መልሱ።

ቫርኒሽ

ደሴን የሚያውቅ ሰው የሐምሌንና የነሐሴን ጉም ያውቃል። ጥቅሉ ውስጥ እርጥበት እያለ ቫርኒሽ ከፈሰሰበት እርጥበቱ ታሽጎ ይቀራል። ስለዚህ ስታተሩን መጀመሪያ 100 ዲግሪ አካባቢ ለሰዓታት አሙቁት። ምድጃ ከሌላችሁ ብረት በርሜል ውስጥ የሚያሞቅ አምፖል አንጠልጥሉና ክደኑት፤ ቫርኒሹ ሲጨመር ግን ጋዙ እሳት ስለሚይዝ አምፖሉን አርቁ።

ለብ እንዳለ ቫርኒሹ ውስጥ ንከሩት። አረፋ ይወጣል። አረፋው እስኪቆም ጠብቁ፤ ያ ማለት አየሩ ወጥቶ ቫርኒሹ ሽቦዎቹ መሃል ገብቷል። አውጥታችሁ አንጠባጥቡ፣ ከዚያ ቆርቆሮው ላይ በተጻፈው ሙቀትና ሰዓት አድርቁት። በአየር የሚደርቀው ቫርኒሽ ይቀላል፣ ግን የላዩ ሲደርቅ የውስጡ እንደረጠበ ሊቀር ይችላል። በብሩሽ ላዩን ቀብቶ ማስረከብ ለመልክ ብቻ ነው። ሽቦዎቹ ካልተጣበቁ በየሩጫው እርስ በርስ ይፋተጋሉ፣ ውድ ልባስ ገዝታችሁ በፍትጊያ ታስጨርሱታላችሁ።

ማስነሳት

በ500 ቮልት ሜገር (መከላከያው ምን ያህል እንደሚችል በሚለካው መሣሪያ) በጥቅሉና በብረቱ መሃል፣ ከዚያ በፌዝና በፌዝ መሃል ለኩ። አዲስ ጥቅል ሲደርቅ 100 ሜጋ ኦምና ከዚያ በላይ ማሳየት አለበት። ከ5 በታች ከሆነ አታስነሱት፣ መልሳችሁ አድርቁት።

ቀበቶውን ሳትገጥሙ አስነሱ። ሦስቱን መስመር በክላምፕ (ገመዱን አቅፎ አምፔር በሚለካው) ለኩ። አምፔሩ ተቀራራቢ፣ ብዙውን ጊዜም ከሰሌዳው ሲሶ እስከ ግማሽ ድረስ ይሆናል። አንዱ ከተለየ ዙር ቁጥር ተሳስቷል ወይም አንድ ኮይል ተገልብጦ ታስሯል። ሦስቱም እኩል ሆነው በጣም ከበዙ ዙር ጎድሏል፣ ወይም ያ በእሳት የነደደው ብረት ነው።

ከዚያ ጭነት ስጡትና ኦቨርሎዱን (አምፔር ሲበዛ የሚያጠፋውን መከላከያ) በሰሌዳው አምፔር ላይ አስተካክሉ። በስታር ዴልታ የሚነሳ (በስታር ተነስቶ በዴልታ የሚሠራ) ከሆነና ኦቨርሎዱ ከዋናው ኮንታክተር ሥር፣ ወደ ጥቅሉ በሚሄደው መስመር ላይ ከታሰረ የሰሌዳውን አምፔር በ0.58 አባዙ። 20 አምፔር ለሚለው ዲናሞ 11.6 ላይ ማለት ነው። ይህን ሳያደርጉ 20 ላይ ትተውት የሚሄዱ አሉ። ያኔ ኦቨርሎዱ ኖረ አልኖረ ለውጥ የለውም።